ቱቦው ከመፈታቱ በፊት፦ የነዳጅ ግፊት የማውረድ ጥያቄ ከካርቡሬተር እስከ ኮመን ሬይል

መካኒክ የነዳጅ ፊልትሮ ሊቀይር፣ ኢንጀክተር ሊያወርድ ወይም ከሴርባቶዮ ውስጥ ፓምፕ ሊያወጣ ሲነሳ ከሁሉ አስቀድሞ መመለስ ያለበት ጥያቄ አለ፤ በቱቦው ውስጥ የታመቀው ነዳጅ ግፊቱ እንዴት ይውረድ? የመኪና አምራቾች የጥገና መጽሐፍት ለዚህ ጥያቄ መልስ ይሰጣሉ፤ መልሶቻቸው ግን አይገጥሙም። አንዱ የፓምፑን ሪሌ ነቅለህ ሞተሩን አስነሳ፣ ነዳጁን ጨርሶ ራሱ ይጥፋ ይላል። ሌላው መለኪያ ሰክተህ በቀጭን ቱቦ ወደ ዕቃ አፍስሰው ይላል። ሦስተኛው ጨርቅ ጠቅልለህ ቡሎኑን ቀስ ብለህ አላላ ይላል። አራተኛው ሞተሩን አጥፍተህ ጠብቅ ይላል። በጋራዦች ውስጥ ሙግቱ ብዙ ጊዜ «የቱ ይሻላል» በሚል ይቀርባል። ይሁንና ነገሩን በታሪኩ በኩል ለሚመረምር ሰው አራቱ መልሶች የተወለዱት ከተለያዩ የነዳጅ ሲስተሞች መሆኑ ይታያል፤ ለአንዱ መኪና መድኃኒት የሆነው ዘዴ ሌላውን መኪና ያበላሻል፣ አንዳንዴም ሰውን ይጎዳል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄው ያልነበረበት ዘመን

በአዲስ አበባ ለአሥርት ዓመታት በሰማያዊና ነጭ ቀለም ታክሲ ሆና የሠራችው ላዳ ጥሩ መነሻ ናት። ነዳጇን የሚስበው ሞተሩ ራሱ የሚገፋው የዲያፍራም ፓምፕ ነው፤ ግፊቱም ከ0.2 እስከ 0.3 ባር ቢሆን ነው፣ ጎማዋ ውስጥ ካለው አየር አንድ አሥረኛ ገደማ ማለት ነው። የካርቡሬተሩ ሳህን ከውጭ አየር ጋር የተገናኘ ስለሆነ ሞተሩ ሲጠፋ የታመቀ ነገር እምብዛም አይቀርም። መካኒኩ ማሰሪያውን በካቻቢቴ አላልቶ ቱቦውን ይነቅላል፣ ጫፉን በቡሎን ይደፍናል፣ ሥራውን ይቀጥላል። በዚያ መኪና ላይ ዋናው አደጋ እሳት ነበር፤ ግፊት የሚባለው ነገር ከጨዋታው ውጭ ነው። ዛሬ በስልሳዎቹ ዕድሜ ያሉ ብዙ የሙያው ሰዎች እጃቸውን ያፍታቱት በዚህ ዓይነት ሞተር ላይ ነው፤ ያስተማሩትም ትውልድ ልማዱን ወርሷል።

ለውጡ የመጣው ነዳጅን በግፊት መርጨት ሲጀመር ነው። ቦሽ እ.ኤ.አ. በ1967 ለቮልስዋገን 1600 ያቀረበው ዲ-ጄትሮኒክ በብዛት የተመረተ የመጀመሪያው የኤሌክትሮኒክ ኢንጀክሽን ሲሆን በ2 ባር ገደማ ይሠራ ነበር። በ1973 የወጣው ኬ-ጄትሮኒክ ወደ 5 ባር ወጣ። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ኢንጀክሽን ተራው ሰው የሚገዛው መኪና ላይ ሲገባ በመግቢያ ማኒፎልዱ ላይ የሚረጩት ሲስተሞች በ2.5 እና በ4 ባር መካከል ረጉ። እዚህ ላይ ከግፊቱ መጠን እኩል የሚያስፈልገን አንድ ነገር አለ። ንድፍ አውጪዎቹ ሞተሩ ከጠፋ በኋላም ግፊቱ እንዲቆይ ፈለጉ፤ ምክንያቱም በጋለ ሞተር ላይ ግፊት ያጣ ቤንዚን በቱቦው ውስጥ ተንኖ ዳግም ማስነሳቱን ያስቸግራል። ስለዚህ ፓምፑ ላይ ወደ ኋላ የማያሳልፍ ቫልቭ ተገጠመለት። ለመንገደኛው ምቾት የሆነው ይህ ቫልቭ ለመካኒኩ አዲስ ችግር ሆነ፤ የጠፋ ሞተር ከዚያ ወዲያ ግፊት የሌለው ሞተር ማለት መሆኑ ቀረ።

አንድ የሚመስሉ ሦስት አደጋዎች

«ግፊቱን አውርድ» የሚለው ትእዛዝ ሦስት የተለያዩ አደጋዎችን በአንድ ቃል ይጠቀልላል። ክርክሩ የሚወሳሰበውም ከዚህ የተነሳ ነው።

የመጀመሪያው መረጨት ነው፤ ነዳጅ ዓይን ውስጥ መግባቱ፣ በጋለ ጭስ ማውጫ ላይ መፍሰሱ። ሁለተኛው ተን ነው። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ አካባቢ በሆነ ብርድ እንኳ ሊቀጣጠል የሚችል ተን ይሰጣል፤ አየር ውስጥ ከ1.4 እስከ 7.6 በመቶ ሲደርስ ይነዳል፤ ለማቀጣጠልም ሩብ ሚሊ ጁል ገደማ ጉልበት ይበቃዋል፣ ሰው በጣቱ ጫፍ የማይሰማው የኤሌክትሪክ ብልጭታ ማለት ነው። ተኑ ከአየር ሦስትና አራት እጥፍ ስለሚከብድ ወደ ላይ አይበተንም። ወለሉን ይዞ ይሄዳል፤ መኪና ሥር ወደሚገባበት ጉድጓድ ይወርዳል፤ ግቢው ጥግ ቡና የተጣደበት የከሰል ምድጃ ካለ እዚያ ይደርሳል። የአዲስ አበባ ከፍታ ከ2,300 ሜትር በላይ ሲሆን የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል በሩብ ገደማ ያንሳል፤ ስለዚህ የፈሰሰ ቤንዚን እዚህ ይበልጥ ፈጥኖ ይተናል። የጥገና መጽሐፉ በቶኪዮ ወይም በዲትሮይት ሲጻፍ ይህ የታሰበ አይመስልም።

ሦስተኛው አደጋ ቆዳን መብሳት ነው። ከ7 ባር ገደማ ጀምሮ በቀጭን ቀዳዳ የሚወጣ ፈሳሽ ቆዳ ሊበሳ ይችላል። ሪስ የተባለ ሐኪም በ1937 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ ከናፍጣ ሞተር የወጣ ነዳጅ ሥጋ ውስጥ ገብቶ ያደረሰውን ጉዳት ከዘገበ ወዲህ ሐኪሞች ጉዳዩን በደንብ ያውቁታል። በ2006 የታተመ አንድ ግምገማ 435 የእጅና የክንድ ጉዳቶችን መርምሮ 30 በመቶ ገደማ የሚሆኑት በመቆረጥ መጠናቀቃቸውን አሳይቷል፤ እንደ ነዳጅና ቀለም ማቅጠኛ ያሉ ፈሳሾች የገቡባቸው ሰዎች ደግሞ በስድስት ሰዓት ውስጥ ቀዶ ሕክምና ካላገኙ ከመቆረጥ የመዳን ዕድላቸው ይበልጥ ይጠብባል። ይህን ጉዳት አታላይ የሚያደርገው መልኩ ነው፤ መጀመሪያ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታክል ነጥብ ብቻ ትታያለች፣ ሕመሙም ቀላል ነው፣ ሰውየው ጣቱን በጨርቅ ጠርጎ ወደ ሥራው ይመለሳል።

እነዚህ ሦስቱ ሲለያዩ ብዙው ሙግት ይፈታል። በ3 ባር የሚሠራ የቤንዚን መኪና ቆዳ አይበሳም፤ ሥጋቱ መረጨቱና ተኑ ነው። ናፍጣ ከ50 ዲግሪ በላይ ካልሞቀ የሚነድ ተን ስለማይሰጥ የፈሰሰው በቀላሉ አይቀጣጠልም፤ በከፍተኛ ግፊት ወጥቶ ጉም ሲሆን ግን ሳይሞቅም ይነዳል፣ ከዚያም በፊት እጅ ይበሳል። ስለዚህ «ናፍጣ ነው፣ ችግር የለውም» የሚለው አነጋገር ስለ አንዱ አደጋ እውነት ሆኖ ስለ ሌላው ፍጹም ስሕተት ነው።

በቤንዚን መኪና ላይ የሚሟገቱት መንገዶች

ቶዮታ የሚከተለው ሞተሩ ራሱ ግፊቱን እንዲጨርስ ማድረግን ነው። እኛ ቪትዝ በምንላት፣ በአውሮፓና በባሕረ ሰላጤው አገራት ያሪስ በምትባለው መኪና ላይ ሥራው እንዲህ ይሄዳል። የኋላው ወንበር መቀመጫ ይነሳል፤ ከሥሩ ያለው ክዳን ሲከፈት የፓምፑ ሶኬት ይታያል፤ ሶኬቱ ይነቀላል። ከዚያ ሞተሩ ይነሳል። ጥቂት ዞሮ ይንቀጠቀጣል፣ ይጠፋል። ቁልፉ ይዘጋል። ቀጥሎ እንደገና በሞተሪኖ ይዞራል፣ የማይነሳ መሆኑም ይረጋገጣል። የሴርባቶዮው ክዳን ይከፈታል፣ የባትሪው ኔጌቲቭ ይነቀላል፣ ጨርቅ ተይዞ ቱቦው በእጅ ይለቀቃል።

የዚህ ዘዴ ብርታት ነዳጁ ወደ ውጭ ሳይወጣ በቦታው መቃጠሉ ነው። ደካማ ጎኑን ግን ብዙዎች አያዩትም። ሞተሩ የሚጠፋው ግፊቱ ለመሥራት ከሚያስፈልገው በታች ሲወርድ እንጂ ዜሮ ሲገባ አይደለም። ሁለተኛው ማዞር የታዘዘው የቀረውን ለመቀነስ ነው፤ ጨርቁም የታዘዘው ያም ላይበቃ ስለሚችል ነው። በየጋራዡ ግን ሁለቱም እየተዘለሉ ሞተሩ መጥፋቱ ብቻ እንደ ምስክር ይቆጠራል። ሌላም ገደብ አለው፤ መኪናው የመጣው አልነሳ ብሎ ከሆነ ዘዴው ከመጀመሪያው አይሠራም፣ የማይነሳ መኪና ግፊት የለውም ማለትም አይቻልም። ኢንጀክተሩ የማይከፍት፣ ካንዴላው የማይሰጥ ሞተር ሙሉ ግፊቱን ይዞ ሊቀመጥ ይችላል።

ጄኔራል ሞተርስ ለረጅም ጊዜ የመረጠው ሁለተኛው መንገድ ነው። ነዳጁን ለኢንጀክተሮቹ በሚያከፋፍለው ቱቦ፣ በሬይሉ ላይ፣ የጎማ ቫልቮላ የምትመስል መፈተሻ አለች፤ መለኪያ ይሰካባታል፣ ከመለኪያው የወጣ ቱቦም ነዳጁን ወደ ዕቃ ያወርዳል። እዚህ ግምት የለም፤ መርፌው ዜሮ ላይ ሲቆም ይታያል። በማስረጃ ደረጃ ከሁሉ የላቀው ይኸው ነው። ሆኖም አብዛኞቹ የቶዮታ ሞተሮች ይህች ቫልቮላ የላቸውም፣ ነዳጁም ከሲስተሙ ውጭ ስለሚወጣ ተኑ ይጨምራል። መለኪያ በሌለበት ቫልቮላዋን በካቻቢቴ ጫፍ መጫን ደግሞ ዘዴው ሊያስቀረው የተፈለገውን መረጨት መልሶ ማምጣት ነው። ይህን ልማድ በጥብቅ መተው ይገባል።

ሦስተኛው፣ ጨርቅ ጠቅልሎ ቀስ ብሎ ማላላት፣ የሰነፍ ሥራ ተደርጎ ሲነቀፍ ይሰማል። ነቀፋው ሙሉ በሙሉ ፍትሐዊ አይደለም፤ የቀድሞዎቹ የሆንዳ መጽሐፍት በፊልትሮው ላይ ለዚሁ የተሠራች ትንሽ ቡሎን በጨርቅ ሸፍኖ አንድ ዙር ብቻ በዝግታ ማላላትን ያዛሉ። ስሌቱም ያግዛቸዋል። ፈሳሽ እጅግ ጥቂት ነው የሚታመቀው፤ 100 ሚሊ ሊትር ቤንዚን በ3 ባር ሲጨመቅ የሚቀንሰው መጠን ከአንድ ሚሊ ሊትር አርባኛ አይበልጥም፣ የያዘው ጉልበትም ከአንድ ጁል መቶኛ በታች ነው። ታዲያ ቡሎኑ ሲላላ ከዚያ በጣም የሚበልጥ ነዳጅ የሚወጣው ለምንድን ነው? የጎማ ቱቦዎችና የግፊት ማረጋጊያው ተለጥጠው ስለሚይዙ፣ በጋለ ሞተር ላይ በቱቦው ውስጥ ተን ስለሚፈጠር፣ ሴርባቶዮው ሞልቶ ከተፈታው ቦታ ከፍ ካለ ደግሞ ነዳጁ በራሱ ክብደት ስለሚፈስ ነው። የመጨረሻው የግፊት ጉዳይ አይደለም፤ መለኪያው ዜሮ ካሳየ በኋላም ይቀጥላል። የሴርባቶዮው ክዳን አስቀድሞ ይከፈት የሚባለውም በውስጡ የተጠራቀመው ተን ነዳጁን ገፍቶ እንዳያስወጣ ነው፤ መክፈቱ በበኩሉ ተን ስለሚለቅ ነፋስ በሚገባበት ቦታ መሆን አለበት።

አራተኛው፣ መጠበቅ፣ በዚህ ዓይነት መኪና ላይ ከሁሉ የደከመ ነው። ወደ ኋላ የማያሳልፈው ቫልቭ ደህና ከሆነ ግፊቱ ለሰዓታት ሊቆይ ይችላል፤ ጤነኛ መኪና ላይ መጠበቅ ምንም አይጠቅምም ማለት ነው። ሌሊቱን ያደረ መኪና ቀዝቅዟል ማለት ይቻላል፣ ባዶ ሆኗል ማለት ግን አይቻልም።

ከነዚህ ውጭ ሁለት ዘዴዎች አልፎ አልፎ ይጠቀሳሉ። የግፊት መቆጣጠሪያውን የቫኪዩም ቱቦ በእጅ ፓምፕ መሳብ አንዱ ነው፤ የመቆጣጠሪያው ስፕሪንግ 3 ባር የሚይዝ ከሆነ ግን ቫኪዩም በአዲስ አበባ ከፍታ ከ0.75 ባር የበለጠ ሊቀንስ ስለማይችል ከ2 ባር በላይ ይቀራል። ሌላው ክራይስለር በቀድሞ መጽሐፍቱ ያስተማረው፣ ኢንጀክተርን ከባትሪ በሽቦ ለጥቂት ሴኮንድ ከፍቶ ነዳጁን ወደ ሞተሩ ማፍሰስ ነው። ነዳጅ ባለበት ቦታ ሽቦ እየነካኩ ብልጭታ መፍጠር፣ ሲሊንደርን በፈሳሽ መሙላትና ኢንጀክተሩን ማቃጠል ሁሉ የሚከተሉት ስለሆነ ዛሬ የሚመክረው ሰው ማግኘት ከባድ ነው።

ባትሪው መቼ ይነቀል?

ትንሽ የሚመስል፣ ግን በእውነት ያልተቋጨ ክርክር ነው። ባትሪ መጀመሪያ ይነቀል የሚሉት የኔጌቲቩ ጫፍ ሲነሳ የሚፈጠረውን ብልጭታ ይጠቅሳሉ፤ ነዳጅ ከመውጣቱ በፊት መሆን አለበት ይላሉ። በኋላ ይነቀል የሚሉት ደግሞ ሞተሩን በማስነሳት የሚሠራው ዘዴ ያለ ባትሪ አይሠራም ይላሉ። ሁለቱም ልክ የሚሆኑበት ቅደም ተከተል አለ፤ ግፊቱ በሞተሩ ይውረድ፣ ባትሪው ይነቀል፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ቱቦው ይፈታ። ወሳኙ ነገር ባትሪው ከቱቦው በፊት መነቀሉ ነው፤ ቱቦው ተፈትቶ ቤንዚን መሬት ላይ እያለ የባትሪ ጫፍ መንካት በምንም መንገድ አይደገፍም።

አዲሶቹ መኪኖች ግን ጉዳዩን አወሳስበውታል። በአንዳንድ የቮልስዋገን ቡድን መኪኖች የሾፌሩ በር ሲከፈት ፓምፑ ቁልፍ ሳይዞር ለጥቂት ጊዜ ይሠራል። ባትሪው ያልተነቀለበት፣ ቱቦው የተፈታበት እንዲህ ያለ መኪና በሩን ለመክፈት የደረሰ ባለቤት ነዳጅ ሊያስረጭ ይችላል። ሀይብሪድ መኪና ደግሞ ዝግጁ ሁኔታ ላይ ከተተወ ሞተሩ በራሱ ሊነሳ ይችላል። እንዲህ ባለው መኪና ላይ የፓምፑን ፊውዝ ማውጣት ብቻውን በቂ ነው ወይስ ባትሪው የግድ ይነቀል የሚለው እንደ አምራቹ ይለያያል።

ናፍጣ፦ የቀድሞው ዕውቀት አደጋ የሚሆንበት ቦታ

በአገራችን የናፍጣ መካኒክ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ሥራ አለ፤ አየር ማስወጣት። ነዳጅ አልቆበት የቆመ ኢሱዙ ወይም የድሮ ሃይሉክስ ላይ በኖዝሉ ጫፍ ያለው ዳዶ ይላላል፣ ረዳቱ በሞተሪኖ ያዞራል፣ አረፋው አልቆ ንጹሕ ናፍጣ ብቅ ሲል ዳዶው ይጠብቃል። በነዚያ ሞተሮች ፖምፓው ለእያንዳንዱ ኖዝል ለየብቻው በጣም ጥቂት መጠን እየለካ ስለሚልክ፣ ዳዶው በላላበት መስመር ላይ ግፊት አይጠራቀምም። ልማዱ በዚያ ሞተር ላይ ምክንያት አለው።

ኮመን ሬይል ይህን መሠረት አፈረሰው። ዴንሶ በ1995 ለሂኖ የጭነት መኪና፣ ቦሽ ደግሞ በ1997 ለአልፋ ሮሜዮ 156 ካቀረቡት ወዲህ ኖዝሎቹ ሁሉ የሚቀዱት ከአንድ የጋራ ሬይል ሆኗል። የቦሽ የመጀመሪያው 1,350 ባር ነበር፤ ዛሬ ከ2,000 እስከ 2,500 ባር ይደርሳል። ስሌቱን እዚህም እንድገመው። 30 ሚሊ ሊትር ናፍጣ በ1,600 ባር ሲታመቅ ከ2 ሚሊ ሊትር በላይ ትርፍ ይይዛል፣ የተጠራቀመው ጉልበትም 200 ጁል ገደማ ነው። ከላይ ከተሰላው 100 ሚሊ ሊትር ቤንዚን ጋር ሲነጻጸር በአሥር ሺዎች የሚቆጠር እጥፍ ነው። ሞተሩ እየሠራ ይህን ዳዶ ማላላት፣ ወይም የሚያፈስ ቦታን በእጅ እየዳሰሱ መፈለግ፣ ሪስ በ1937 የዘገበውን ጉዳት መጋበዝ ነው። የሚያፈስ ቦታ የሚፈለገው በካርቶን ቁራጭ ነው፤ የሚቻል ከሆነም ሞተሩ ጠፍቶ እርጥበት በማየት።

እዚህ ላይ የአራቱ ዘዴዎች ደረጃ ይገለበጣል። በቤንዚኑ ላይ ደካማ የነበረው መጠበቅ በኮመን ሬይል ላይ ዋናው መፍትሔ ነው፤ ኖዝሎቹ በውስጣቸው ወደ መመለሻው መስመር ስለሚያንጠባጥቡ ግፊቱ ሞተሩ ሲጠፋ በራሱ ይወርዳል። አምራቾች እንደ ሲስተሙ ከግማሽ ደቂቃ እስከ 10 ደቂቃ መጠበቅን ያዛሉ። በቤንዚኑ ላይ ጥሩ የነበረው ነዳጅ አስጨርሶ ማጥፋት ደግሞ እዚህ ጎጂ ነው፤ የከፍተኛ ግፊት ፓምፑን የሚያለሰልሰው ናፍጣው ራሱ ስለሆነ ደርቆ ሲዞር ይፋቃል፣ ከፓምፑ የወጣው የብረት ፍቅፋቂም ሲስተሙን በሙሉ ይበክላል።

መጠበቅም ቢሆን አሁን ጥያቄ እየተነሳበት ነው። የቅርብ ጊዜ ኖዝሎች ጉልበት ለመቆጠብ ሲባል በውስጣቸው የሚያንጠባጥቡትን እየቀነሱ መጥተዋል። ማንጠባጠቡ ከቀነሰ ግፊቱ የሚወርድበት ጊዜም ይረዝማል። በአንድ ሞተር ላይ የተለመደ የደቂቃ ቁጥር ወደ ሌላው ሲሻገር ዋስትና መሆኑ ይቀራል።

በሲሊንደር ውስጥ የሚረጨው ቤንዚንና የዛሬው ክርክር

ሚትሱቢሺ በ1996 በጋላንት ላይ ያወጣው ሞተር ቤንዚንን በ50 ባር በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ ይረጭ ነበር። አሁን ያሉት ከ200 እስከ 350 ባር ይሠራሉ፣ ከዚያም የሚያልፉ አሉ። እነዚህ መኪኖች ሦስቱንም አደጋዎች በአንድ ላይ ይዘዋል፤ እንደ ቤንዚን ይተናሉ፣ እንደ ናፍጣ ቆዳ ይበሳሉ። ኢትዮጵያ በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ ያሉት መኪኖች ብዙ ዓመት መጠገን ይኖርባቸዋል፤ ፕላስቲክ ማያያዣዎቻቸው እየደረቁ፣ ቱቦዎቻቸው በተደጋጋሚ እየተፈቱ ነው የሚያረጁት። ሲገጠሙም ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ቁልፉ ሁለት ሦስት ጊዜ እየተከፈተ ፓምፑ ቱቦውን እንዲሞላና የሚያፈስ ቦታ መኖሩ እንዲታይ ማድረግ ግፊቱን ከማውረዱ እኩል ያስፈልጋል። በብዙ አምራቾች መመሪያ የተፈታ የከፍተኛ ግፊት ቱቦ መልሶ አይገጠምም፣ በአዲስ ይተካል።

በነዚህ ሞተሮች ላይ ሁለት አቋሞች ይታያሉ። የመጀመሪያው በኮምፒውተር ወይም የቫልቭ ሶኬት በመንቀል የከፍተኛ ግፊት ፓምፑን ሥራ አቁሞ ሞተሩን ለጥቂት ጊዜ ማሠራት፣ የሬይሉ ግፊት ወደ ዝቅተኛው መስመር ሲጠጋ ማጥፋትና ሳይዘገዩ መፍታት ነው። አለመዘግየቱ ምክንያት አለው፤ ሬይሉ የተዘጋ ስለሆነ ከጋለው ሞተር የሚመጣው ሙቀት በውስጡ ያለውን ነዳጅ አስፍቶ ግፊቱን መልሶ ይሰቅለዋል። ሁለተኛው አቋም በጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን መክፈት ራሱ ስሕተት ስለሆነ ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ይሻላል ይላል፤ ሲቀዘቅዝ ነዳጁ ስለሚሰበሰብ ግፊቱም ይወርዳል። አንደኛው የሬይሉን ግፊት፣ ሁለተኛው የጋለውን ብረት ይፈራል። ጊዜ ላለው ጋራዥ የሁለተኛው መንገድ ማስረጃ የበረታ ይመስላል። የመጀመሪያውን የሚመርጥ ሰው ደግሞ የአምራቹን መጽሐፍ ከፊቱ ዘርግቶ መሆን አለበት።

በሁለቱም መንገድ ግፊቱ መውረዱ የሚታወቀው በሬይሉ ሴንሰር ነው፤ ክርክሩም አሁን ያረፈው በዚህ ሴንሰር ተአማኒነት ላይ ነው። የድሮው መለኪያ ነዳጁን ራሱን ይነካ ነበር። በኮምፒውተሩ ላይ የሚታየው ቁጥር ግን በሽቦና በሂሳብ አልፎ የመጣ ነው። ሴንሰሩ ሲበላሽ ወይም ሶኬቱ ሲላላ ብዙ መኪኖች ሞተሩ እንዳይቆም ሲሉ ግምታዊ ቁጥር ይተካሉ፣ ስክሪኑም ያንን ያሳያል። ለጥገና የመጣው መኪና ደግሞ ብዙ ጊዜ ችግሩ እዚያው አካባቢ ነው። አንዳንድ አሠልጣኞች ቁጥሩን ከማመን በፊት ሞተሩ እየሠራ ጋዝ ሲሰጠው ከፍ ዝቅ ማለቱ ይታይ ይላሉ፤ የማይንቀሳቀስ ቁጥር ዜሮ ቢሆንም እንኳ እንዳልተለካ ይቆጠራል፣ መኪናውም ፓምፑ ተቋርጦ እንዲቀዘቅዝ አድሮ፣ ዓይን በመነጽር፣ መጋጠሚያው በወፍራም ጨርቅ ተሸፍኖ፣ በመጀመሪያው ሩብ ዙር ላይ እጅን ገታ አድርጎ ይፈታል። ሞተሩ ጨርሶ በማይነሳ መኪና ላይ ግን ይህ ፈተና አይሠራም፤ ለዚያ ሁሉም የሚስማማበት መልስ እስካሁን የለም።